የአራት ደቂቃ እሺታ

ሽማግሌ ሲመጣ ቶሎ እሺ አይባልም። ደሴ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ጭራሽ ጠፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከቤቴ የፊቱ ክፍል እሰፋለሁ፣ ከኋላው እኖራለሁ። አራት ሰዓት ገደማ በሩ «እንግዳ መጥቷል» አለኝ። ስም አልጠራም። የእኛ በር የማንንም ስም ይጠራል፤ የሽማግሌ ስም ብቻ አይጠራም፣ ተከልክሏል። ቀና ብዬ በመስኮቱ ሳይ፣ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ጉሙ ውስጥ ቆመዋል። ልቤ ዘለለ!

ልጄ ሜላት ሠላሳ አራት ሞልቷታል። ኖላዊ የሚባል የውሃ መሐንዲስ አላት፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ እየመጣ ሻዬን ጠጥቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቅ ሻዩ አለቀ እንጂ ሽማግሌው አልመጣም። እና ሦስቱን ሳይ ምን ላድርግ? በሩን በርግጄ ወጣሁ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ወይዘሮ ኤልዳና፣ የመጣንበት ጉዳይ…» ከማለታቸው፣

«እሺ ብያለሁ! ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!» አልኩ።

ሦስቱም ተያዩ። ትልቁ ጋሽ ኪሩቤል ናቸው፤ ድሮ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ነበሩ፣ ስንቴ ጆሮዬን ይዘውኛል። «ልጄ፣ ሳትሰሚ?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ! ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ!»

ድፎ ዳቦውን ቆረስኩ፣ ማሩን አቀረብኩ። ጋሽ ኪሩቤል ሁለት ጊዜ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቴም ዳቦ አጎረስኳቸው። ሁለተኛው የእህል ነጋዴው ሐጂ ሙባረክ ናቸው፤ እሳቸው እንኳ ምግብ ሲቀርብላቸው ብዙ የሚከራከሩ ሰው አይደሉም። ሦስተኛው ጋሽ ሪድዋን ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፣ ከኮምቦልቻ መጥተው ሽማግሌነት ከገቡ ዓመትም አልሞላቸውም። እሳቸውም ቀመሱ።

ያኔ ነው ጋሽ ኪሩቤል ከጉሙ የሸሸጉትን ቡናማ ማህደር ከጋቢያቸው ውስጥ ያወጡት። የጋብቻ ሽማግሌ ማህደር አይዝም።

ማህደር የሚያስይዛቸው ሕግ ስሙ የውጭ ትብብር አዋጅ ነው፤ እኛ የሽማግሌ አዋጅ እንለዋለን። እናቴ እንደምትነግረኝ፣ ድሮ የመንግሥት ጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ከሰው ወሬ ሲፈልግ በስልክ ያስፈራራ፣ መንገድ ላይ ጠልፎ ያናግር ነበር አሉ። ያ ሁሉ ቀረ። አሁን የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ያልሆነ ሰው ለትብብር የሚጠየቀው በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ቤቱ፣ በሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ነው። የሚጠየቀውም ሰው እንደ ሙሽራ ቤተሰብ «ልምከርበት» ብሎ ሳምንት ይወስዳል። ማህደሩ እስከ እሺታው ድረስ የታሸገ ነው፤ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አያውቁም። ሰውየው እሺ ካለና ሽማግሌዎቹ ከቤቱ እህል ከቀመሱ እሺታው ጸደቀ ይባላል። እሺታ የሰማ ሽማግሌ ደግሞ የቀረበለትን መግፋት አይችልም። እምቢ ማለትም መብት ነው፤ አንቀጽ ሰባት ላይ ተጽፏል። እስከ ዛሬ እምቢ ያለ ሰው አላውቅም።

እውነቴን ነው፣ ሕጉን እወደዋለሁ። ከራሳችን ወግ የተቀዳ ስለሆነ ሁሉም ወዶታል። በሰላም ወጥተን በሰላም እንገባለን። ግን ወጉን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ በአራት ደቂቃ ውስጥ እሺም አልኩ፣ አበላሁም።

ጋሽ ኪሩቤል ማህተሙን ቀደው አነበቡ፤ «ጉዳዩ የሚመለከታት፣ ወይዘሮ ሐያት እንድሪስ።»

ጋሽ ሪድዋን በዳቦው ታነቁ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ዳቦዬ ደርቆባቸው መስሎኝ አፈርኩ።

ሐያት! ሐዩ! መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊቴ ያለው ቤት የሷ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ጎረቤቴ ናት። ሜላትን ስወልድ እጄን የያዘችኝ እሷ ናት፤ ባሏ ሲሞት ዘጠኝ ወር አብሬያት ያደርኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት ቤት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፣ በየማታው ደውለው ምን እንደበላች ይጠይቋታል። ማህደሩ እንደሚለው ቤቷ ውስጥ አንድ ነዋሪ ነው የተመዘገበው፤ ውሃው ግን የሁለት ሰው ነው፣ የደረጃው ርምጃም የሁለት ሰው ነው። ለእኔ የቀረበው ጥያቄ አንዲት መስመር ናት። ባለፉት ሰባት ወራት ለወይዘሮ ሐያት የሰፋሻቸው የወንድ ልብሶች የማን ናቸው?

መሥሪያ ቤቱ የማያውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የፋብሪካ ልብስ ማን እንደለበሰው፣ የት እንደሄደ፣ መቼ እንደታጠበ ራሱ ይናገራል። የእኔ መቀስ የነካው ጨርቅ ግን ዲዳ ነው። ለዚህ ነው እኮ ሰው ዛሬም ወደ እኔ የሚመጣው። ለዚህም ነው እነሱ የመጡት።

አዎ፣ ሰፍቻለሁ። ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ኮት። ሐዩ ልኩን በሲባጎ ላይ ቋጥራ ነበር ያመጣችልኝ፤ ይህ አንገት፣ ይህ ትከሻ፣ ይህ ቀኝ እጅ፣ ይህ ግራ እጅ። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አለመጠየቅ የሙያዬ ግማሽ ነው።

«መልሱ የፊታችን ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት፣ በእጅ ጽሑፍ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «የምታውቂውን ብቻ ትጽፊያለሽ፣ ግምት አይፈቀድም። ለባለጉዳይዋ መንገር ክልክል ነው። እሺታው ከጸደቀ በኋላ መልስ ማስቀረት ደግሞ…»

«የሥራ ፈቃድ ያሳጣል» አልኩ። «አምስት ዓመት። አውቃለሁ ጋሼ።»

ሌላም አውቃለሁ። በሁለተኛው ዓመት ማህደሩ ለባለጉዳዩ ይከፈታል፤ ስለሱ የተናገረውን ሰው ስም ያነባል። ይህም ከአዋጁ መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ሰዉ ለምዶታል። ገበያ ውስጥ «ስምሽን አየሁት እኮ» ይባባላሉ፣ ሌላዋም «መቼስ ምን ይደረግ» ትላለች፣ ከዚያ ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። ሐዩ ግን ስሜን ስታነብ ፊቷ ምን ይመስል ይሆን? ልጆቿ ሲሰሙ ደግሞ! እናታቸውን ጠቅልለው ነው አዲስ አበባ የሚወስዷት።

እሁድ ጠዋት ማን ከተፍ ቢል ጥሩ ነው? ሐዩ! አንድ ሣህን ተምር ይዛ፣ ከበሩ ጀምራ እልል እያለች።

«ሰማሁ! ሰማሁ ኤልዱ! ልጃችን ተጠየቀች!»

«ገና ነው ሐዩ… ገና…»

«ምን ገና አለው? ሦስት ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲበላ ጎረቤቱ ሁሉ አይቶ የለም እንዴ! የኖላዊ ሰዎች ናቸው አይደል? አልሐምዱሊላህ! የሜላትን ጫማ እኔ ነኝ የምገዛው፤ ማንም እንዳይነካብኝ።»

ምን ልበላት? «መጥተው የጠየቁኝ ስላንቺ ነው» ማለት በሕግ ያስጠይቃል። አቀፈችኝ። ተምሩን አፌ ውስጥ ጨመረችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረ ጣፋጭ በልቼ አላውቅም። እንደወጣች ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ማሽኑን አስነስቼ ሰፋሁ።

ሐዩ ለሁሉም አወራች። ሰኞ ዕለት ወሬው ኖላዊ ጆሮ ገባ። እሱ ሽማግሌ አልላከም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ልኳል ማለት ነው ብሎ ደነገጠ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም አሉ። እሰይ! ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነበረ? ረቡዕ በአራት ሰዓት በሩ እንደገና «እንግዳ መጥቷል» አለኝ። ብወጣ ያው ሦስቱ ናቸው። በእኛ ሰፈር አንቱ የተባሉት ሽማግሌዎች እነሱ ናቸው፤ ጋብቻም ሆነ ትብብር እነሱው ናቸው የሚላኩት።

ጋሽ ኪሩቤል ባዶ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው አሳዩኝ። ዐይናቸው ይስቃል። «ዛሬስ ልናገር?»

«ይናገሩ ጋሼ። እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።»

የኖላዊን ጥያቄ ተናገሩ። ሰማሁ። «ልምከርበት፣ በሳምንቱ ተመለሱ» አልኩ፣ በወጉ። ከጓዳ «እማዬ!» የሚል የሜላት ድምፅ ተሰማ። «ዝም በይ!» አልኳት። ሐጂ ሙባረክ ወደ ጠረጴዛው አየት አድርገው ምንም እንደማይቀርብ ሲያውቁ ተከዙ።

ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ጋሽ ሪድዋን ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ጋቢው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ የሸሚዛቸው እጅጌ ታየኝ። ግራው ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል፤ ግን በልኩ ነው፣ ክንዳቸውም በሁለት ጣት ያጥራልና። የቁልፍ ቀዳዳው በእኔ እጅ የተዘመዘመ ነው። የራሴን ስፌት አላውቅም እንዴ? ሲባጎው ላይ ያለው ቋጠሮ ሁሉ አንድ በአንድ ፊቴ መጣ።

ወይ ጉድ! መሥሪያ ቤቱ ስለ ሐዩ እንዲጠይቁ የላካቸው ሰው፣ የሚፈለገው ሰው ራሱ ነው።

«ጋሽ ሪድዋን፣ እጅጌዎ ትንሽ ተተርትሯል። ይቆዩና ልስፋልዎ» አልኩ። ሁለቱ ወጡ። በሩን ዘጋሁ።

«ይህን ሸሚዝ እኔ ነኝ የሰፋሁት» አልኳቸው።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። «ልጅ ሆኜ ከሞተር ወድቄ ነው ክንዴ እንዲህ የሆነው» አሉ፤ እኔ ስለ ክንዳቸው የጠየቅኳቸው ይመስል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ኒካህ አስረናል፣ ሁለት ምስክር አለን። የቀረው ምዝገባው ነው። ልጆቿን ፈርታ ዛሬ ነገ ትላለች። እኔም ያልተመዘገበበት ቤት ውስጥ የሚያድር ሽማግሌ የሽማግሌነት ጋቢውን እንደሚነጠቅ ስለማውቅ አልገፋኋትም። ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

«ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ። እስከ ዛሬ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅኩ።»

«አንቺስ ባታውቂው?»

«አወቅኩ እኮ ጋሽ ሪድዋን! እንዴት ነው ያወቅኩትን የማላውቀው?» ተናደድኩ። «እርስዎ አዋጁን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሽማግሌው ከባለጉዳይዋ ጋር ዝምድና ወይም ጋብቻ ካለው ጥያቄው ፈራሽ ነው። ሄደው ይናገሩ። ለሐዩ እንዳልነግራት ሕግ ይከለክለኛል፤ ለእርስዎ እንዳልነግር ግን የከለከለኝ የለም።»

«ጋቢውን ይወስዱብኛል።»

«ጋቢ ሰኞ ገበያ ሞልቷል። ሐዩን ግን ገበያ ወጥተው አያገኟትም።»

ተነሥተው ሲወጡ ጋቢያቸውን እስከ መዳፋቸው ድረስ ሳቡ። ሐሙስ ምንም አልሰማሁም። ዓርብም ምንም የለም። ሐዩ የሜላትን ጫማ ገዝታ መጣች፤ ተረከዙ ረጅም ነው፣ ሜላት ለክታው ወደቀች፣ ሐዩ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ትብብር ጽሕፈት ቤት ደረስኩ። ንጹሕ ቤት ነው፣ አበባ አለው፣ ወንበሩ ይመቻል። ከእኔ በፊት አንድ አናጢና አንዲት የጥርስ ሐኪም ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ ሐኪሟ አንገቷን ቀና አድርጋ ፈገግ አለችልኝ። ቅጹን አንሥቼ ተቀመጥኩ። ሦስት መስመር ነው። «ሸሚዞቹን የሰፋሁት» ብዬ ጀመርኩ።

ብዕሬ ቆመ። መቀሴን አሰብኩ፤ አምስት ዓመት ሳልሰፋ ምን ሆኜ እንደምኖር አሰብኩ። እጄ ሌላ ነገር አያውቅም። ሐዩን ደግሞ አሰብኳት፤ ያንን ተምር አፌ ውስጥ ስትጨምር። በቃ። የጻፍኩትን ሰረዝኩና «አልናገርም። ኤልዳና» ብዬ ጻፍኩ። ፈራሁ። ግን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ።

ጸሐፊዋ ከሻይ ተመልሳ ወረቀቴን ተቀበለችና ቁጥሩን አየች። «ውይ እማማ! ማንም አልነገረዎትም? ይህ ማህደር እኮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተዘግቷል። አንደኛው ሽማግሌ መጥተው የጋብቻ ዝምድና እንዳላቸው አስመዘገቡ። ጋቢያቸውንም አስረክበው ሄዱ።»

ሳላስበው እልል አልኩ። አናጢው ደንግጦ ቀና አለ።

«እና ይህ ወረቀትስ?» አልኩ፣ እምቢታዬን እያሳየሁ። «ማህደሩ ውስጥ አይገባም?»

«የተዘጋ ማህደር ላይ አይጨመርም፤ እንደነበረ ነው የሚላከው። የፈረሰ ጥያቄ ደግሞ ሁለት ዓመት አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ለባለጉዳይዋ ይደርሳታል» አለችና ወረቀቱን በትሕትና መለሰችልኝ።

ቤት ስደርስ ሐዩ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ደብዳቤው በእጇ ነው። ወደ ውስጥ ገባን። መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ቃል ለቀም እያደረገች አነበበችልኝ፤ «ተባባሪዋ ጥያቄውን ሳትሰማ እሺ ብላለች። እሺታው በአራት ደቂቃ ጸድቋል። ሽማግሌዎቹ ዳቦና ማር ቀምሰዋል።»

«ሐዩ፣ ለሜላት መስሎኝ ነው! ወላሂ ለሜላት መስሎኝ!» ወረቀቴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «ይኸው፣ አልናገርም ብዬ ጽፌያለሁ። አልቀበል አሉኝ እንጂ።»

አነበበችው። ደጋግማ አነበበችው። ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ያን ያህል ትነካለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወረቀቱን በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሪድዋን ዛሬ ለልጆቼ ሽማግሌ ላከ» አለች። «ትልቁ ተቆጣ፣ ትንሹ ሳቀ። የሚቀጥለው እሁድ ይመጣሉ። ቀሚስ ስፊልኝ።»

ደስታዬን ልገልጸው አልችልም። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ መርፌ ቁልፍ አፌ ላይ ይዤ፣ መስታወቱ ፊት አቆምኳት። ትከሻዋን ለካሁ። ጀርባዋን ስለካ በመስታወቱ እያየችኝ፣ «አራት ደቂቃ!» አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች። «ምነው ኤልዱ፣ እኔ እንኳ ሳምንት ሙሉ አስቤበት ነው እሺ ያልኩት።»

አፌ በመርፌ ተሞልቷል። በመስታወቱ አየኋት።

«አምና፣ ጥቅምት ላይ» አለች። «ሦስት ሽማግሌ መጡ፤ ስላንቺ ነበር። ልምከርበት ብዬ ሳምንት ወሰድኩ። ከዚያ የጠየቁኝን መለስኩላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ይከፈትልሻል፣ ራስሽ ታነቢዋለሽ። ቅር አይበልሽ፤ ምን ይደረግ?»

አምና ጥቅምት እኔ ምን አድርጌ ነበር? ምን ሰፋሁ? ማን ቤቴ መጣ? ምን ተናገርኩ? በአንድ ጊዜ ሁሉንም ፈለግኩት፤ ምንም አላገኘሁም። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁ። እሷ የእኔን እምቢታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ፣ ዐይኗ እንደረጠበ ፈገግ ትላለች። እወዳታለሁ። አሁንም የሠላሳ አምስት ዓመት ጎረቤቴ ናት።

«እጅሽን አንሺ» አልኳት።

አነሣች። ወገቧን ለካሁ፤ ከአምናው በሦስት ሴንቲ ጨምራለች። ዝም ብዬ የልክ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።